ድራየሩ ይሞቃል፣ ልብሱ ግን አይደርቅም ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያሳለፍኩት ዓመት መጣብኝ። ድራየሩ፣ ማለትም የልብስ ማድረቂያ ማሽኑ፣ ይሞቃል፣ ይዞራል፣ ግን ፎጣ ሦስት ጊዜ ካልዞረ አይደርቅም። የጠራሽው ሰው ደግሞ «ማሞቂያው ይቀየር» ብሎ 260 ዶላር ጠየቀሽ። እባክሽ ይህን ሳታነቢ እንዳትከፍዪው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ ታውን ሃውስ ውስጥ፣ በረድፍ ከተያያዙት ቤቶች አንዱ። ድራየሩ ያለው መኝታ ቤቶቹ ያሉበት ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ያንቺም እንደዚያ ይመስለኛል። በዚህ ጣጣ ከ1,200 ዶላር በላይ ወጥቶብኛል። ጥፋቱ ያለው ድራየሩ ውስጥ አልነበረም።

1ኛ፦ መጀመሪያ ማሽኑንና ቱቦውን ለይተሽ ፈትሺ። ድራየር አየር ይስባል፣ ያሞቀዋል፣ በልብሱ መካከል ያሳልፈዋል። ከዚያ አየሩ እርጥበቱን ይዞ በቱቦው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። መውጫው ከታፈነ ልብሱ በገዛ እንፋሎቱ ይታጠናል እንጂ አይደርቅም። የኤሌክትሪክ ድራየር ከሆነ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አድርጊው፣ ከኋላው ያለውን ቱቦ ፍቺው። መልሰሽ ሰኪው፣ መስኮት ክፈቺ፣ አንድ ጭነት እርጥብ ፎጣ ያለ ቱቦ አድርቂ። ክፍሉ በብናኝ ይሞላል፣ ለአንድ ጊዜ ቻዪው። በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ግን ይህን ፈጽሞ እንዳትሞክሪ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይለቃል፣ ሰው ይገድላል። የኔ ኤሌክትሪክ ነው። ሦስት ዙር ይፈጅ የነበረው ፎጣ በ50 ደቂቃ ደረቀ! ይህን ሙከራ መጀመሪያ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ገንዘብ ባላወጣሁ። ያለ ቱቦም ንፋሱ ደካማ ከሆነ ያኔ ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ ጥጥ ወይም ካልሲ ይዞ ይገኛል። ያን ጊዜ ባለሙያ ጥሪ።

2ኛ፦ ድራየሩ ውስጥ ብናኝ የሚይዘውን ወንፊት በውሃ ፈትኚው። ብናኙን በየጊዜው ታነሺያለሽ፣ አውቃለሁ። ግን ለሽታ የምንጨምረው ስስ ወረቀት በወንፊቱ ላይ የማይታይ ሰም ይተዋል። ቧንቧ ስር አድርጊው። ውሃው ካላለፈና ከላይ ከቆመ አየሩም እንደልቡ አያልፍም። በዕቃ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢው። ጋቢ የምታጥቢ ከሆነ ደግሞ ብቻውን አድርቂው። እናቴ ለልጆቹ የላከችውን ሁለት ጋቢ አንድ ላይ ከትቼ ስጨርስ ከወንፊቱ ያነሳሁት ጥጥ ለእንዝርት የተዘጋጀ ባዘቶ ነበር የሚመስለው። ወንፊቱ የያዘው ያን ያህል ከሆነ፣ አምልጦ ቱቦው ውስጥ የገባውን አስቢው።

3ኛ፦ የተቃጠለ ፊውዝ አገኘሁ የሚልሽን ሰው «ለምን ተቃጠለ?» ብለሽ ጠይቂው። እኔ አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ቴክኒሺያን መጣ፣ ከኋላ ፈታታው፣ የሙቀት ፊውዙ ተቃጥሏል አለ፣ ቀየረ፣ 185 ዶላር ወሰደ። ዕቃው ራሱ 10 ዶላር አካባቢ ነው። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ተቃጠለ። ያ ፊውዝ ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ቤት እንዳይቃጠል ራሱን የሚሠዋ ነው። አየር ሳይወጣ ሲቀር ሙቀቱ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፊውዙ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰው ፊውዙንም ማሞቂያውንም ቀየረ፣ 240 ዶላር። ሁለቱም ከቤቱ ውጭ ያለውን መውጫ አላዩም። ሁለተኛው ጭራሽ «ባልሽ ቤት ሲኖር ደውዪልኝ፣ ለሱ አስረዳዋለሁ» አለኝ። ቤቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሒሳቡንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ማሽኑ አርጅቷል ብዬ በ780 ዶላር አዲስ ገዛሁ። ያመጡት ልጆች ሲገፉት ከኋላ ያለውን እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የፎይል ቱቦ ጨፈለቁት። አዲሱ ማሽን በመጀመሪያው ሳምንት ልክ እንደ አሮጌው ሆነ። ያን ቀን ልብስ የማጥብበት ክፍል በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አሮጌው ምንም እንዳልነበረው የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ራሴ ገባሁበት። የተጨፈለቀውን ጣልኩና ባለ 4 ኢንች ጠንካራ ብረት ቱቦ ገዛሁ። መጋጠሚያውን በብረት ቴፕ አሸግኩት። ብሎን አትጠቀሚ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥጥ ይይዛል። በድሪል የሚዞር ረጅም ብሩሽ በ35 ዶላር ገዝቼ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጠረግኩ። ድሪሉን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አዙሪው፣ ወደ ግራ ከሆነ ዘንጉ ተፈትቶ ውስጥ ይቀራል። ብዙ ጥጥ ወጣ። ሁለት ቀን በደንብ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ባሰ!

ምክንያቱን ላስረዳሽ፣ ያንቺም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የኔ ቱቦ የሚወጣው በጣሪያ ነው። የሠራው ሰው መውጫው ላይ ወፍ እንዳይገባ መረብ አድርጎበታል። እኔ ከታች በብሩሽ የገፋሁት ጥጥ በሙሉ ሄዶ መረቡ ላይ ተለጠፈ። በአይ አር ሲ፣ ማለትም በመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቡ፣ የድራየር መውጫ ላይ መረብ ማድረግ ክልክል ነው። ወደ ኋላ አየር የማያስመልስ ክዳን ብቻ ነው የሚፈቀደው። የቱቦውም ርዝመት ከ35 ጫማ እንዳይበልጥ ይላል፣ ለእያንዳንዱ የ90 ዲግሪ እጥፋት 5 ጫማ ይቀነሳል። የኔ 16 ጫማ ነው፣ ሁለት እጥፋት አለው። ርዝመቱ ደህና ነበር። መረቡ ነው ያፈነኝ።

ጣሪያው የማኅበሩ፣ ማለትም የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ስለሆነ ማኅበሩን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ሄድኩ። ሌሊት ሠርቼ፣ የሆስፒታል ልብሴን ሳልቀይር። ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ድራየር የባለቤቱ ጣጣ ነው» አለችኝ። እሺ፣ ሰው ከፍዬ ላስወጣ ስላት «ጣሪያው የኛ ነው፣ ማንም ከወጣ ትቀጫለሽ» አለች። ታዲያ ምን ላድርግ? ሁለተኛ ሄድኩ፣ ያው መልስ። በሦስተኛው «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይዘሽ ነይ» አለችኝ። እዚህ አገር 17 ዓመት ኖሬያለሁ። የታማሚዎቼን መዝገብ በየሌሊቱ በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው። ያ ቃል እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

ሌሊት በዕረፍት ሰዓቴ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጣሪያውና ጣሪያው ላይ የተተከለ ሁሉ ጥገናው የማኅበሩ ነው ይላል። ገጹን ፎቶ አንስቼ ኢሜይል ጻፍኩ። ስለ መረቡ የሚከለክለውን ደንብ ጨመርኩ። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር በዓመት 2,900 ገደማ የድራየር ቃጠሎ በመኖሪያ ቤቶች እንደሚደርስና ቀዳሚው ምክንያት አለመጽዳት እንደሆነ ማውጣቱንም ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «ከዛሬ በኋላ እሳት ቢነሳ ይህን ኢሜይል እንደተቀበላችሁ መዝግቤያለሁ» አልኩ። በአፍ ሦስት ጊዜ ያልሰሙኝ ሰዎች በአራተኛው ቀን ጣሪያ ሠሪ ላኩ። ሰውዬው ያወረደው ጥጥ ትራስ ይሞላል። መረቡን ነቅሎ ባለ ክዳን መውጫ ገጠመ። በረድፋችን ያሉት ሌሎች ስድስት ቤቶችም ተመሳሳይ መረብ ነበረባቸው፣ በዚያው ሳምንት ተቀየረላቸው። ለ780 ዶላሩ ግን አንድ ሳንቲም አልመለሱልኝም። የገዛሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።

አሁን ፎጣ በ45 ደቂቃ ይደርቃል። ቱቦውን በየስድስት ወሩ እጠርጋለሁ። መረብ ስለሌለ ጥጡ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ስለዚህ እህቴ፣ ለዚያ ሰው መልስ ከመስጠትሽ በፊት ነገ በቀን ብርሃን ድራየሩን አስነሺና ውጭ ወጥተሽ መውጫውን ፈልጊ። ግድግዳ ላይ ከሆነ ክዳኑ በደንብ መከፈቱን እዪ፣ እጅሽንም አስጠጊ። ጣሪያ ላይ ከሆነ እንዳትወጪ። ከመንገዱ ማዶ ሆነሽ በስልክሽ አቅርበሽ ፎቶ አንሺና እዚህ ለጥፊው። መረብ ይኑረው አይኑረው አይቼ እነግርሻለሁ። ማኅበር ካለባችሁም የጻፍኩትን ኢሜይል እልክልሻለሁ፣ ስሙንና አድራሻውን ቀይረሽ ተጠቀሚበት።