የጭስ ማውጫው ሪፖርትና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ አለን። በ2006 ዓ.ም. በአንድ ቦይለር ጀምረን ከሁለት ዓመት በፊት ሁለተኛ ጨምረናል። ቦይለሮቹ በከባድ ጥቁር ናፍጣ፣ ጄኔሬተሮቻችን በነጭ ናፍጣ ይሠራሉ። የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የዓመቱን የአየር ልቀትና የሙቀት አማቂ ጋዝ ሪፖርት በ15 ቀን ውስጥ እንድናቀርብ ጽፎልናል። የውጭ ገዢያችንም ተመሳሳይ ቅጽ ልኳል። ሕጉ ያስገድደናል ወይ? ቅጣቱስ ስንት ነው? የባለፈውን ዓመት ሪፖርት ያዘጋጀልን አማካሪ ዘንድሮም በሦስት ቀን ጨርሶ እንደሚያስረክበን ነግሮናል። የሥራ ደኅንነት ባለሙያችን ፈርማበት ብናስገባው ይበቃል?

መልስ፦ ያስገድዳችኋል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ሆነ የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው ደንብ ቁጥር 159/2001 በግልጽ ይመለከቷችኋል። በደንቡ መሠረት ፋብሪካ የራሱ የክትትል ሥርዓት ሊኖረው፣ የሚለቀውን በጽሑፍ ሊመዘግብና ሕጉን ስለማክበሩ በየዓመቱ ሪፖርት ሊያቀርብ ይገባል። ደብዳቤው ባይደርሳችሁም ግዴታው ነበረባችሁ።

የሙቀት አማቂ ጋዝን በተመለከተ እነዚህ ሁለት ሕጎች «ከዚህ ቶን በላይ የለቀቀ ሪፖርት ያድርግ» የሚል ወለል አላስቀመጡም። ይህን ይዛችሁ «አይመለከተንም» ብላችሁ እንዳትመልሱ። አዋጁ ለብክለት የሰጠው ትርጉም ጋዝንም የሚጨምር ሰፊ ትርጉም ነው። የፕሮጀክታችሁ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲጸድቅ የገባችሁት የክትትል ግዴታም ሊኖር ይችላል፤ እሱን ሰነዱን ሳላይ ልናገር አልችልም። ደግሞ ለገዢያችሁ የምትሰጡትን ቁጥር ከመሥሪያ ቤቱ የምትደብቁበት ምክንያት የለም፣ ካለም ችግሩ እዚያ ነው።

ቅጣቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። በአዋጅ 300 ጠቅላላ ድንጋጌ ድርጅት ከ10,000 እስከ 20,000 ብር፣ ጥፋቱን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው ኃላፊነቱን ያልተወጣ ኃላፊ ደግሞ ራሱን ችሎ ከ5,000 እስከ 10,000 ብር ይቀጣል። ገንዘቡ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ባለ ፋብሪካ «ከፍለን እንገላገላለን» ይላል። ግን የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 519 ሕግን በመጣስ በካይ ነገር ወደ አካባቢ መልቀቅን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርሰው ይችላል፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የአካባቢ ተቆጣጣሪ መታወቂያውን አሳይቶና የመጣበትን ነግሮ፣ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢያችሁ መግባት፣ ናሙና መውሰድና ሠራተኛ መጠየቅ ይችላል። ጎረቤታችሁም በግሉ ተጎዳሁ ማለት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አሁን ወደ አልጠየቃችሁኝ ነገር ልግባ። ሁለተኛውን ቦይለር ስትተክሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ተሻሽሏል ወይ? በጥያቄያችሁ ውስጥ ስለዚህ አንዲት ቃል የለም፣ ዝምታውም አሳስቦኛል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 «ፕሮጀክት» ሲል አዲሱን ብቻ ሳይሆን በነባሩ ላይ የሚደረግ ዋና ማስፋፊያን ወይም ለውጥንም ይጨምራል። ያለ ይሁንታ ፕሮጀክት መተግበር ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 521 ደግሞ ይህንኑ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ያደርሰዋል። በ2006ቱ ሰነድ ላይ አንድ ቦይለር ተጽፎ በዘንድሮው ሪፖርት ሁለት ከታየ፣ ሪፖርቱ ራሱ ክስ ይከፍትባችኋል። አንዱን ቦይለር ከሪፖርቱ ማውጣት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥፋት ነው፤ እባካችሁ ይህን ሐሳብ ማንም ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉ። የማስፋፊያውን ጉዳይ ከሪፖርቱ ለይቶ፣ ከሪፖርቱ በፊት ወይም ጎን ለጎን ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ ይሻላል። እንዴት እንደሚቀርብ ፋይላችሁን ያየ ጠበቃ ይወስን።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ግን «በሦስት ቀን ጨርሶ ያስረክበናል» ያላችሁት ነው። በሦስት ቀን የሚያልቅ ሪፖርት ብዙ ጊዜ ተለክቶ ሳይሆን ተቀድቶ የመጣ ነው። ሌላ ፋብሪካ ያስገባው ሰነድ ላይ ስምና ቀን ተቀይሮ፣ ቁጥሩ ትንሽ ከፍና ዝቅ ተደርጎ፣ ሁሉም ከገደብ በታች ሆኖ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁም ማህተሙን ያሳርፋል። አማካሪው ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ፊርማው ግን የእናንተ ነው።

ባለፈው ዓመት ያስገባችሁትን ሪፖርት አውጥታችሁ ከጭስ ማውጫው ሥር ሆናችሁ አንብቡት። ቧንቧው ላይ የናሙና መውሰጃ ቀዳዳ አለ? ባለሙያ የሚቆምበት መድረክስ? ቀዳዳው ከመጨረሻው እጥፋት በኋላ የቧንቧውን ስፋት አምስት እጥፍ ያህል ርቆ ቀጥ ባለ ቦታ ላይ ካልሆነ የጭሱ ፍሰት ስለሚዘበራረቅ ልኬቱ አይታመንም። ቀዳዳው ጭራሽ ከሌለ ቁጥሩ ከየት መጣ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። በእጅ የሚያዘው የጋዝ መለኪያ ኦክስጅንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የናይትሮጅንና የሰልፈር ጋዞችን ይለካል እንጂ አቧራ አይለካም። አቧራ በማጣሪያ ላይ ተሰብስቦ፣ ማጣሪያው ከሥራው በፊትና በኋላ በላብራቶሪ ተመዝኖ ነው የሚታወቀው። ሪፖርታችሁ ላይ የአቧራ ቁጥር ኖሮ የማጣሪያ ክብደት ወረቀት ከሌለ ቁጥሩ መነሻ የለውም።

ቀጥሎ ነዳጁ ራሱ ይመሰክርባችኋል። ሰልፈር ሲነድ ክብደቱ በእጥፍ ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ስለዚህ 3 በመቶ ሰልፈር ያለው አንድ ቶን ጥቁር ናፍጣ ወደ 60 ኪሎ ግራም ጋዝ ይወጣዋል። ሰልፈሩ 1 በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ጭሱ ውስጥ 3 በመቶ ኦክስጅን እንዳለ ተቆጥሮ ሲሰላ በአንድ ኖርማል ሜትር ኩብ (በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በተለመደው የአየር ግፊት የታሰበ ሜትር ኩብ) ደረቅ ጭስ ወደ 1,700 ሚሊግራም ይጠጋል። ጭስ ማጠቢያ ያልተገጠመለት ቦይለር «180 ሚሊግራም» ተብሎ ሲጻፍ የተማረ ተቆጣጣሪ መሣሪያ ሳያወጣ ውሸት መሆኑን ያውቃል። የአቅራቢያችሁን የነዳጅ ጥራት ሰርተፊኬት ብቻ ይጠይቃችኋል።

በትክክል የተለካም ቢሆን አጻጻፉ ያበላሸዋል። መለኪያው የሚያሳየው ብዙ ጊዜ በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሆነ) ነው። ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ 1 ፒፒኤም 2.86 ሚሊግራም በኖርማል ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ 100 ተነቦ 100 ሚሊግራም ተብሎ ከተጻፈ ልቀቱ ከሲሶው ትንሽ ከፍ ብሎ ብቻ ነው የተነገረው። ኦክስጅኑም እንዲሁ ነው፤ ትርፍ አየር ጭሱን ስለሚያቀጥነው ልኬቱ ወደ አንድ የጋራ መነሻ፣ እዚህ ወደ 3 በመቶ ኦክስጅን፣ ተመልሶ ይጻፋል። ቦይለሩ ትርፍ አየር እየሳበ 11 በመቶ ኦክስጅን ባለበት የተለካ 200 ሚሊግራም፣ ወደ 3 በመቶ ሲመለስ 360 ይሆናል፤ በአየር ውስጥ ካለው የኦክስጅን መቶኛ፣ ከ21 ላይ 3 ሲቀነስ 18፣ ከ21 ላይ 11 ሲቀነስ 10፣ 18 ለ10 ተካፍሎ በ200 ይባዛል። ቦይለሩ በግማሽ ጭነት ሲሠራ ተለክቶ በሙሉ ጭነት እንደተለካ መጻፍም የተለመደ ጥፋት ነው። በልኬቱ ሰዓት ያለው የእንፋሎት ግፊትና የነዳጅ ፍሰት በቦይለር ኦፕሬተሩ መዝገብ ላይ መገኘት አለበት።

የካርቦኑ ስሌት ከዚህ ይቀላል፣ ለመያዝም ይቀላል። ለምሳሌ 90,000 ሊትር ከባድ ጥቁር ናፍጣ በ0.96 (በአንድ ሊትር ክብደት በኪሎ ግራም) ሲባዛ 86.4 ቶን ነው፤ በ3.13 (አንድ ቶኑ ሲነድ በሚያወጣው ቶን) ሲባዛ ወደ 270 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 20,000 ሊትር ነጭ ናፍጣ አንድ ሊትሩ በሚያወጣው 2.68 ኪሎ ግራም ሲባዛ 53.6 ቶን ነው። ሙሉው ስሌት የቆመው በሊትሩ ላይ ነው። ሊትሩ ደግሞ በቦቴ ማራገፊያ ሰነድ፣ በመጋዘን ገቢና ወጪ፣ በጄኔሬተሩ ሰዓት ቆጣሪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለገቢዎች ባቀረባችሁት የወጪ መግለጫ ላይ ተጽፏል። ለአካባቢ ጥበቃ 40,000፣ ለገቢዎች 90,000 ሊትር የጻፈ ድርጅት ከሁለቱ አንዱ ጋር ሐሰተኛ ነው። ጉዳዩ ከአካባቢ ሕግ ወጥቶ ወደ ታክስና ወደ ሐሰተኛ ሰነድ ሊሻገር ይችላል። ለገዢው ሦስተኛ ቁጥር ከተሰጠ ደግሞ የውል ጥሰትም ይጨመርበታል። ስለዚህ ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት የፋይናንስ ኃላፊው ሊትሩን ከሒሳብ መዝገቡ ጋር አመሳክሮ ፊርማውን ያኑርበት። ይህን ሳታደርጉ ለማንም ቁጥር አትስጡ።

ታዲያ በቀሩት ቀናት ምን ይደረግ? ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ደብዳቤ ጻፉ። ጥያቄውን እንደተቀበላችሁ፣ በነዳጅ ሰነድ ላይ የተመሠረተውን ስሌት በተባለው ቀን እንደምታስገቡ፣ የጭስ ማውጫ ልኬቱ ግን የናሙና ቀዳዳ ተበጅቶ እስኪለካ ተጨማሪ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ከነመርሐ ግብሩ አስረዱ። የመዝገብ ቤት ማህተምና ቀን ያረፈበትን ቅጂ ሳትይዙ አትመለሱ፤ «በቃል ተነጋግረናል» ማስረጃ አይሆንም። በሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የተለካ፣ የተሰላ ወይም የተገመተ መሆኑ ይጻፍ። ያልተለካ ነገር ካለ «አልተለካም፣ የሚለካው በዚህ ወር ነው» ማለት ነውር የለውም። ለጎደለ ልኬት የምትሰጡት ማብራሪያ ይኖራል፣ ለተፈበረከ ግን የለም። ከአማካሪው ጋር በጽሑፍ ውል ግቡ፤ ጥሬ የልኬት መረጃውን፣ የመሣሪያውን የካሊብሬሽን (በትክክል መለካቱ የተረጋገጠበትን) ሰርተፊኬት፣ የባለሙያውን ስምና የልኬቱን ሰዓት እንዲያስረክብ በውሉ ይጻፍ። እነዚህን አልሰጥም ካለ ሌላ ፈልጉ። ተቆጣጣሪ የእርምጃ ወረቀት ከሰጣችሁ ደግሞ የይግባኝ ጊዜው በቀናት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነውና ወረቀቱ በደረሳችሁ ዕለት ጠበቃ ጋ ውሰዱት።

የባለፈው ዓመት ሪፖርት ያልተለካ ሆኖ ከተገኘ ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ የኋላ ቀን እየጻፋችሁ የሎግ መዝገብ አትሙሉ፤ መዝገብ መያዝ የቀረበት ድርጅት ያለበት ጥፋት አንድ ነው፣ መዝገብ የፈበረከው ግን ሌላ ወንጀል ጨምሯል። ሁለተኛ፣ በድንጋጤ «ሪፖርታችን ሐሰት ነበር» የሚል ደብዳቤ በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ አታስገቡ። እርማት ማቅረብ ይቻላል፣ ይመከራልም፤ ግን ቃሉ ተለክቶ፣ የተስተካከለው ቁጥር ከነማስረጃው ተያይዞ፣ በጠበቃ እጅ አልፎ ይሂድ። ወደ ጠበቃው ስትሄዱ የተጽዕኖ ግምገማውን ሰነድና የይሁንታ ደብዳቤውን፣ የሁለተኛውን ቦይለር ግዢና ተከላ ወረቀት፣ የሦስት ዓመት የነዳጅ ደረሰኝ፣ ያለፈውን ሪፖርት፣ የአማካሪውን ውልና አሁን የደረሳችሁን ደብዳቤ ከነፖስታው ይዛችሁ ሂዱ። አንዱም እንዳይቀር።

የደኅንነት ባለሙያዋ ትፈርም ያላችሁት አይሆንም። የእሷ ፊርማ ሥራ አስኪያጁን አይሸፍነውም፤ ሕጉ ማወቅ የሚገባውንም ኃላፊ ይዞታል፣ እናንተም ይህን ጥያቄ በመጻፋችሁ ጉዳዩን እንደምታውቁት አሳይታችኋል። ያላየችውን ልኬት አረጋግጣለሁ እንድትል ማድረግ በደል ነው። እሷ መፈረም ያለባት ራሷ ያነበበችውንና የመዘገበችውን ብቻ ሲሆን፣ ጠቅላላ ሪፖርቱን ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ይፈርም። ልኬቱ ያልተሟላ ወይም ቁጥሩ ያልተመሳከረ ሆኖ ስታገኘው ሪፖርቱን የማስቆም ሥልጣን እንዳላት የሚገልጽ ደብዳቤም በስሟ ጻፉላት፤ አንድ ቅጂ በግል ማህደሯ፣ ሌላው በእጇ ይሁን።