ጥያቄና መልስ፦ የቴንስ ፓድ ለምን ይለበልባል?

ጥያቄ፦ እናቴ 62 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፤ ሁለቱንም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሐኪም «መገጣጠሚያው ተበልቷል» ብሏቸዋል። ዘመድ ከውጭ በባትሪ የሚሠራ የቴንስ መሣሪያ (ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ፓዶች ቀላል ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመም የሚያስታግስ) ላከላቸው። መጀመሪያ ሻል ብሏቸው ነበር፤ አሁን ግን ፓዱ ጠርዝ ላይ ይለበልባቸዋል፣ ቆዳቸውም ይቀላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከመሣሪያው ሳይሆን ከፓዱ ነው። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓድ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ይሸፍናል። በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ከሥሩ ገብቶ ግማሹ ከተነሳ፣ ያው ኤሌክትሪክ በ12.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ለማለፍ ይገደዳል፤ እዚያች ቦታ ላይ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። የሚለበልባቸው ይህ ነው። ጄሉ ከደረቀ በፕላስተር ቢያስሩትም ለውጥ የለውም።

ጉልበታቸውን በሳሙናና በውሃ ይጠቡላቸው። ቫዝሊን ወይም የሕመም ማስታገሻ ክሬም የተቀባ ቆዳ ላይ አይለጥፉ። ላባቸው እስኪደርቅ ቬንቲሌተር ፊት ይቀመጡ። መሣሪያው ሳይጠፋ ፓዱን አይለጥፉ፣ አይንቀሉም። ሲነቅሉ ሽቦውን ሳይሆን ጠርዙን ይያዙ፤ ወዲያው ላስቲኩ ላይ ይመልሱት። ጄሉ ደረቅ ካለ አንድ ጠብታ ውሃ በጣትዎ ያዳርሱበት፤ አሁንም ካልያዘ ይጣል።

ከፓዱ ይልቅ ያሳሰበን ግን ስኳራቸው ነው። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ድንዛዜው ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የደነዘዘ ቆዳ ደግሞ ሲቃጠል አይናገርም። እናትዎ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፓዱ በሚለጠፍበት ቦታ ሁሉ አንዴ በስቴኪኒ ጫፍ በቀስታ፣ አንዴ በጥጥ እያቀያየሩ አሥር ጊዜ ያህል ይንኳቸው። የትኛው እንደሆነ ከተምታታባቸው እቤት ኤሌክትሪክ ይቅር፤ የሙቅ ውሃ ከረጢትም እንዲሁ። ፊዚዮቴራፒስት ይያቸው።

ከለዩ፣ ሁለቱን ፓዶች በሎሚው (በጉልበቱ ክብ አጥንት) ግራና ቀኝ ይለጥፉ፤ አጥንቱ ላይ አይሁን። መሣሪያው ቁጥር የሚቀበል ከሆነ 100 ኸርዝ (በሰከንድ የሚላከው ምት ብዛት) እና 100 ማይክሮ ሰከንድ (የአንዱ ምት ርዝመት) ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ ኃይሉን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ጠንከር ያለ ግን የማያም ውርር ውርር የሚል ስሜት ሲመጣ ያቁሙ፤ ጡንቻው ከዘለለ በዝቷል። ከደቂቃዎች በኋላ ሰውነት ስለሚለምደው ስሜቱ ሲደበዝዝ ትንሽ መጨመር ይቻላል። 30 ደቂቃ ይበቃል። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የንክኪን ስሜት የሚያደርሱ ወፍራም ነርቮች ሲነቁ የሕመሙ መልእክት አከርካሪ ላይ ይታፈናል። ቴንስ የተበላ መገጣጠሚያ አይጠግንም፤ መሣሪያው ሲጠፋም ማስታገሱ ብዙ ላይቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ያንን 30 ደቂቃ ተኝቶ ማሳለፍ የሚያስቆጨው። ኤሌክትሪኩ እየሠራ ሳለ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው 5 ሰከንድ ይያዙ፤ በየእግሩ 10 ጊዜ። አርፈው ይድገሙት። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር የጉልበት ሸክም ይቀላል።

የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጠቀም። አንገት ፊት ለፊት፣ ደረት ላይ፣ ቁስል ወይም ካንሰር ባለበት ቦታ፣ በእርግዝና ጊዜም ሆድ ላይ አይለጠፍም። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ፓዱን ትተው ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቅላቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ወይም ውሃ ከቋጠረ ይቁም።

ጥያቄ፦ ትከሻዬን ባለሙያው ጄል ቀብቶ በአልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ በሚያክም መሣሪያ) 5 ደቂቃ ያሸኛል፤ ምንም አይሰማኝም። መሣሪያው ይሠራል? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ አለመሰማቱ ወይም ትንሽ ሙቀት መሰማቱ ልክ ነው። አጥንት ውስጥ የሚገባ ሕመም ከመጣ ግን ወዲያው ይናገሩ፤ የመሣሪያው ጭንቅላት (ቆዳውን የሚያሸው ክፍል) አንድ ቦታ ቆሟል ወይም ኃይሉ በዝቷል ማለት ነው። ጄሉ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ አየር ካገኘ ወደ ሰውነት ከመግባት ይልቅ ተመልሶ ይነጥራል። መሥራቱን ባለሙያው በቀላሉ ያያል፤ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አዙሮ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ለአፍታ ሲያበራው ውሃው ይርገበገባል።

ዋናው ስንት ቦታ እንደሚያዳርስ ነው። በ5 ደቂቃ ከጭንቅላቱ ስፋት እጥፍ ያልበለጠ ቦታ ነው የሚታሸው፤ ትከሻውንም ጀርባውንም ካዳረሰ ለየትኛውም በቂ አይደርስም። ለትከሻ ሕመም አልትራሳውንድ ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም በማስረጃ ደካማ ነው። ቀጠሮዎ በጄል ብቻ የሚያልቅ ከሆነ የትከሻ እንቅስቃሴዎችን ይጠይቁ፤ ባለሙያው ሲያሠራዎትም ቤት እንዳይረሱት በስልክዎ ይቅረጹ።