ለቀይ ባሕር ጥናት ሶፍትዌርና የሳተላይት ምስል ልትገዛ ላሰበችው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጂኦግራፊ የማስተርስ ተማሪ ነሽ፤ የቀይ ባሕርን ክሎሮፊል (የባሕር አልጌ አረንጓዴ ቀለም) እና የገጽ ሙቀት በሳተላይት ምስል ማጥናት ፈልገሻል፤ የትኛውን ሶፍትዌር እንደምትገዢና ምስሉን በስንት እንደሚሸጡልሽ ጠይቀሻል፤ ላፕቶፕሽም ደካማ ነው። እኔም የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በዚሁ ባሕር ላይ፣ አንድም ቀን መርከብ ሳልሳፈር፣ አገር ቤት ተቀምጬ ነው። ከእኔ በፊት አንዳንዶች የሰጡሽ ምክር ገንዘብሽን ከማስጨረስ በቀር አይጠቅምሽም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. አንድም ብር አታውጪ። ኪውጂአይኤስ በነጻ የሚገኝ የካርታ ሶፍትዌር ነው። የሳተላይት ምስል ማቀናበሪያዎቹ፣ ናሳ የሚያሰራጨው ሲዳስና የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ያዘጋጀው ስናፕም በነጻ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተወነጨፈው የአኳ ሳተላይት፣ ከ2016 ጀምሮ ያሉት የሴንቲኔል-3 ሳተላይቶች፣ በ2024 የወጣው ፔስ የተባለው የናሳ ሳተላይት፣ የሁሉም መረጃ ለማንም ክፍት ነው፤ አካውንት ከፍተሽ ታወርጃለሽ። ፈቃድ የሌለው ሶፍትዌር በፍላሽ ገልብጠው ለተማሪ የሚሸጡትን አትጠጊያቸው።

2. የዓለምን ባሕር በሙሉ አታውርጂ። በአኳ ላይ ከተገጠመው ሞዲስ ከተባለው መሣሪያ የሚገኘው፣ አራት ኪሎ ሜትር ጥራት ያለው የዓለም ካርታ ወርዱ 8640፣ ቁመቱ 4320 ፒክስል ነው። ለአንቺ የሚያስፈልግሽ ከሰሜን ኬክሮስ 12 እስከ 30፣ ከምሥራቅ ኬንትሮስ 32 እስከ 44 ዲግሪ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። ኮፐርኒከስ የተባለው የአውሮፓ የባሕር መረጃ አገልግሎት ከማውረድሽ በፊት ቦታውን፣ ጊዜውንና የምትፈልጊውን መለኪያ ቆርጠሽ እንድትወስጂ ይፈቅድልሻል። ደካማ ላፕቶፕም፣ የሚቆራረጥ ኢንተርኔትም ይህን ይችላሉ።

3. ማኅተሙን አስቀድመሽ አዘጋጂ። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኔን ጊዜ የበላው ሳተላይቱም ሶፍትዌሩም አይደለም፤ ቢሮ ነው።

ፕሮፖዛሌን ያስገባሁበት የድኅረ ምረቃ ቢሮ መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ ባሕር የሌላት አገር ተማሪ ስለ ባሕር ምን አገባው የሚል ነበር። መልስ ነበረኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፓስፊክ ውቅያኖስ ገጽ ሲሞቅ የመጣው ኤልኒኞ የክረምት ዝናባችንን አሳጥቶ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችንን ለምግብ እርዳታ ዳርጓል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአረብ ባሕር የተነሡት መኩኑና ሉባን የተባሉት ዐውሎ ነፋሶች የአረቢያን በረሃ አርሰው የአንበጣ መራቢያ አደረጉት፤ የዚያ መንጋ ዘር በኋላ የእኛን ማሳ በላ። ባሕሩ የእኛ ባይሆንም ዝናቡና አንበጣው ደርሶብናል። ይህን ጽፌ ሰጠሁ፤ ዝም አሉ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። መረጃውን የሰጠኝ መሥሪያ ቤት በማኅተም የተደገፈ ማስረጃ ይላክ ተባለ። መረጃው ለዓለም ሕዝብ ክፍት መሆኑን፣ እኔን ለይቶ የሰጠኝ ሰው እንደሌለ አስረዳሁ። ኃላፊው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ማኅተም የሌለው ነገር መረጃ አይባልም፤ ጓደኞችህ ከወረዳ አምጥተዋል» አለኝ። ፋይሌ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ሌላ ክፍል ተመራ፣ ተመልሶ መጣ። «ነገ ተመለስ» የሚለውን ከስንቱ እንደሰማሁ አልነግርሽም። አብረውኝ የገቡት ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ደጅ እጠና ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ያ ሰው አንዲት ደቂቃ ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ ቢያይ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከአማካሪዬ ጋር ነው። መረጃው በነጻ እንደሚሰጥ የሚገልጸውን የባለቤቱን ገጽ አተምን፤ የመረጃውን መለያ ቁጥር፣ የሥሪቱን ቁጥር፣ ያወረድኩበትን ቀንና የፋይሎቹን ስም ዝርዝር አያያዝን፤ አማካሪዬ ፈረሙበት፤ የራሳችን ትምህርት ክፍል ማኅተሙን አሳረፈበት። በዚያ አለፈ። አንቺ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ፤ ከፕሮፖዛልሽ ጋር አብረሽ አስገቢው። ለጥናቱም ቢሆን ይጠቅምሻል፤ መረጃው በየጊዜው እንደ አዲስ ስለሚሰላ የሥሪት ቁጥሩን ካልመዘገብሽ ውጤትሽን ደግሞ መሥራት የሚችል ሰው አይኖርም።

ቁጥር መደርደሩን ልተወውና ወደ ዋናው ሥራ ልምጣ። ትልቁ ሥራ የትኛውን ፒክስል እንደማታምኚ ማወቅ ነው።

ሳተላይቱ የባሕር አልጌን አይቆጥርም። ከውኃው የሚወጣውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ያወዳድራል፤ ክሎሮፊሉ ከዚያ ተሰልቶ ይወጣል። በጥልቅ ባሕር ላይ ይህ በደንብ ይሠራል። የዳህላክ ደሴቶችን ስትከፍቺ ግን ዙሪያቸው ደማቅ ቀይ ቀለበት ታያለሽ፤ የክሎሮፊል ሀብት ይመስላል። እዚያ ውኃው ጥልቀት የለውም፤ ብርሃኑ አሸዋውንና ኮራሉን ነክቶ ይመለሳል፤ ስሌቱም ያንን ክሎሮፊል ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ጌብኮ የተባለውን ነጻ የባሕር ጥልቀት ካርታ አውርጂና ጥልቀቱ 30 ሜትር የማይሞላውን ቦታ በሙሉ ቆርጠሽ አውጪ። እኔ ከመቆረጡ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አድርጌ ነው ያቀረብኩት። ከውጭ የመጡት ፈታኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለዚያ ቀለበት ነበር፤ ካርታውን ገልጬ ሳሳያቸው ሌላ ጥያቄ አላስፈለጋቸውም። ያ ካርታ ዛሬም በትምህርት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

ሁለተኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው። በደቡባዊው ቀይ ባሕር በእነዚህ ወራት አቧራው፣ ጭጋጉና በውኃው ላይ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ብዙውን ፒክስል ባዶ ያደርጉታል። የወሩ አማካይ ሲወጣ ግን ሙሉ ወር የታየ ይመስላል፤ ከጀርባው የጥቂት ቀናት ምስል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዋናው ካርታ ጎን እያንዳንዱ ፒክስል ስንት ቀን እንደታየ የሚያሳይ ካርታ ሥሪ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የብዙ ሳተላይቶችን መረጃ አዋሕዶ የሚያቀርበው የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ስብስብ ክፍተቱን በጣም ያጠብልሻል፤ እኔ ብሆን ከዚያ እጀምራለሁ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው በተቃራኒው የሚያስደስት ነው። ነፋሱ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ውኃ በባብ ኤል ማንዴብ በኩል ወደ ውስጥ ሲገፋው፣ ይዞት በሚገባው ንጥረ ነገር የተነሣ ደቡቡ ይለመልማል። ያንን በራስሽ እጅ በሠራሽው ካርታ ላይ ስታዪ ድካምሽን ትረሺዋለሽ።

ባዶ ፒክስሎች በናሳ ፋይሎች ውስጥ የሚጻፉት -32767 ተብለው ነው። ኪውጂአይኤስ ብዙውን ጊዜ ያውቃቸዋል፤ ወደ ሌላ ፎርማት ስትቀይሪ ግን እንደ እውነተኛ ቁጥር ሊገቡብሽ ይችላሉ። የክሎሮፊል አማካይሽ ከዜሮ በታች ከወጣ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ።

ስፋት ከማስላትሽ በፊት ካርታሽን እኩል ስፋት ወደሚጠብቅ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የመሳያ ስልት) ቀይሪ። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በባብ ኤል ማንዴብ አካባቢ 109 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ሲና ስትጠጊ ወደ 98 ይወርዳል። በዲግሪ ያሰላሽው ስፋት ሰሜኑን ያለ ልኩ ያገዝፈዋል። የቀለም መደቡንም በሎጋሪዝም አድርጊው፤ አለበለዚያ ሰሜኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይሆንብሻል።

የገጽ ሙቀቱ ከዚህ ይቀላል፤ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ብዙም አያስቸግርሽም።

ያን በማኅተም ያለፈውን ሰነድ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ስሞቹን አጥፍቼ እንደ ናሙና ልልክልሽ እችላለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።