ድራመር የጠፋባችሁ ሁሉ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ተማክራችሁ የላካችኋቸው ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ድራመር ነው። ፕሮግረሲቭ ሜታል፣ ያን ረጅምና ምቱ የሚጠማዘዝ ከባድ ሮክ፣ የሚጫወት ባንድ ድራመሩ ሲለቅ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ። ቤዝ ጊታር ይዤ ሁለት ጊዜ አልፌበታለሁ።

አራት ሰዎች መጥተው ሞከሩ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ ግን መምረጥ አቃተን። በምን እንፈትናቸው?

መጀመሪያ እኔ ልጠይቃችሁ፦ የሙዚቃ ሥራዎቻችሁን ቀድማችሁ ልካችሁላቸው ነበር? ካልላካችሁ ገና አልፈተናችኋቸውም። ከአንድ ሳምንት በፊት ሁለት ሥራ ላኩ። አንዱ ረጅምና ጠማማ ይሁን፣ ሌላው ቀስ ያለ። ከጠማማው የምታዩት ቤቱ ቁጭ ብሎ መሥራቱን ነው። ጉዱ ያለው ቀስ ያለው ላይ ነው። በደቂቃ 60 ምት ሲሆን ከአንዱ ምት እስከሚቀጥለው አንድ ሙሉ ሰከንድ አለ። በሁለት እግር በሚረገጠው ደብል ፔዳል እንደ መትረየስ የሚያንጣጣ ሰው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ መጠበቅ አቅቶት ሲቁነጠነጥ ታያላችሁ።

ከዚያ ሰምቶት የማያውቀውን ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄድ አጭር የጊታር ሐረግ፣ እዚያው አስተምሩት። እኛ ስንፈልግ አንዱ ልጅ ሪፉን አንዴ ሰምቶ ክፍተቱን ሁሉ ቶም በሚባሉት ከበሮዎች ሞላው። እጁ ጥይት ነው፤ አፋችንን ከፍተን ነው ያየነው። ቀጥላ የመጣችው ስቲኮቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «እስቲ ቤዙን ብቻ አሰሙኝ» አለች። ሦስቴ ሰማች። ከዚያ ኪኳን፣ በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ፣ ከእኔ ጣት ጋር ብቻ እያሳረፈች ጀመረች፤ ጯሂውን ከበሮ፣ ስኔሩን እንኳ ለጊዜው ተወችው። ጊታሪስታችን ዞር ብሎ አየኝ። ሌላ ስብሰባ አላስፈለገንም።

ስመ ጥሩ የፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ ድሪም ቲያትሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ድራመራቸው ማይክ ፖርትኖይ ሲለቅባቸው የጠሩት ሰባት ሰው ነው። ሰባቱም በዓለም ስም ያላቸው ድራመሮች። እነሱም ቢሆኑ ስምን አይተው ብቻ አልቀጠሩም፤ ተጠንተው የሚመጡ ሥራዎች ሰጡ፣ አብረውም ጃም አደረጉ፤ ያልተዘጋጁበትን እዚያው ተጫወቱ ማለት ነው። የተመረጠው በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ማይክ ማንጂኒ ነው። ችሎታው እኩል ሲሆን የምትመርጡት አብሯችሁ የሚያስበውን ነው።

ያገኘነው ልጅ በጣም ይችላል፤ ግን ለፈተናው 40 ደቂቃ አርፍዶ መጣ። ይቅርታም አልጠየቀም።

ይቅርባችሁ።

ድራመር እስኪገኝ በኮምፒውተር ድራም አልበም ብንቀዳ ያሳፍራል?

ምን ያሳፍራል? የስዊድኖቹ ሜታል ባንድ ሜሹጋዎች እንኳ፣ ያን የመሰለ ድራመር ይዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት አልበም ላይ ድራሙን በኮምፒውተር ነው የሠሩት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጊታሪስት ድራም ሲጽፍ ድራመሩ ሁለት እጅ ብቻ እንዳለው ይረሳል። አንድ እጅ ሃይሃት (ጥንዱ ሲምባል) ላይ፣ አንዱ ስኔር ላይ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ ቶም ላይ! አዲሱ ድራመር ሲመጣ ይህን ተጫወት ትሉታላችሁ፤ እሱም በደግነት ይስቅባችኋል። እየጻፋችሁ እጆቹን ቁጠሩ።

አዲሷ ድራመራችን የድሮው ድራመር ይመታበት የነበረውን መንገድ እየለወጠች ነው። ዝም እንበል?

የሚታወቀውን አታስነኩ። አድማጭ እጁን በአየር ላይ እየወነጨፈ የሚከተለው የከበሮ አመታት የዘፈኑ ዜማ ሆኗል ማለት ነው። የቀረውን ልቀቁላት። በነገራችን ላይ፣ በድሮው ልጅ ፊት በሩን አትዝጉበት። ፖርትኖይ ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ወደ ድሪም ቲያትር ተመልሷል።

ጋሼ፣ እኔ ራሴ ድራመር ነኝ። አንድ ባንድ ለፈተና ጠርቶኛል፤ ግን 7/8፣ ሰባት ሰባት እየተቆጠረ የሚሄደው ምት፣ ሲመጣ እጠፋለሁ። ልቅር?

አትቅር። ሰባትን እንደ ሰባት አትቁጠራት፤ ለዚያ ነው የምትጠፋው። ቆርሳት። አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ይህን ያለ ስቲክ፣ ጉልበትህ ላይ፣ እያወራህ እንኳ እስኪሄድልህ ምታው። አንዳንዱ ሪፍ ሦስቱን ከፊት ያደርጋታል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጊታሩ የት ላይ እንደሚከብድ ስማ።

ሲለምድህ ቀኝ እጅህን ሲምባል ላይ አድርገህ አንዱን እየመታህ አንዱን እየዘለልክ ሂድ። በመጀመሪያው ባር (ሰባቱ አንዴ ተቆጥሮ እስኪያልቅ) በ1፣ 3፣ 5 እና 7 ላይ ያርፋል። በሁለተኛው ባር ግን 2፣ 4 እና 6 ላይ ይወድቃል፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። አትከተለው፤ እጅህን እንደጀመርክ ንዳው። ሦስተኛው ባር ሲገባ ሲምባሉ ራሱ ተመልሶ አንድ ላይ ያርፋል። ለባንዱ መልስ ከመስጠትህ በፊት ይቺን ብቻ በቀስታ፣ በክሊክ (ምቱን እኩል በሚቆጥርልህ ድምፅ)፣ አንድ ሳምንት ሥራት።