እናንተ ጠይቁ፦ 36 ላይ የወደቀው ቡድን ምን ሆኖ ተመለሰ?

ባለፈው እትም ስለ ክሪኬት (አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ሁለት መስመር ጣል አድርገን ብናልፍ ጥያቄው ከየአቅጣጫው መጣብን፣ በተለይ ከአረብ አገር። እውነቱን ለመናገር እኔም ይሄን ጨዋታ የለመድኩት ዱባይ በነበርኩበት ጊዜ ነው፣ አርብ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ሁሉ ሜዳ ሲሆን እያየሁ። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ሱቅ ውስጥ ነው የምሰራው። አብረውኝ ያሉት ህንዶችና ፓኪስታኖች ስለሆኑ ሻይ ሰዓት ላይ ከክሪኬት ሌላ ወሬ የለም። አንዱ ሁሌ "አውስትራሊያ ሄደን 36 ላይ ወድቀን ተነሳን" ይላል፣ ሌላው ደሞ "ዋን ዴዩን ግን ተሸንፋችኋል" ብሎ ያበሽቀዋል። 36 ምንድነው? በአንድ ጉዞስ እንዴት ተሸንፎም አሸንፎም ይመጣል ሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የክሪኬት ብሄራዊ ቡድን ውጭ ሲወጣ እንደ ኳስ አንድ ጌም ተጫውቶ በማግስቱ አውሮፕላን አይሳፈርም፣ ሁለት ወር ምናምን ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው የሚከርመው፣ ደሞ በሶስት አይነት ጨዋታ። ዋን ዴይ የሚሉት እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር የሚመታበት ነው፣ አንድ ኦቨር የ6 ኳስ ውርወራ ስለሆነ 300 ኳስ ማለት ነው፣ ቀኑን ይፈጃል። ቲ20 ያው ስሙ እንደሚለው 20 ኦቨር ነው፣ ከእራት በፊት ተጀምሮ ከመተኛትሽ በፊት ያልቃል። ቴስት ግን 5 ቀን ነው፣ ነጭ ለብሰው፣ ሁለቴ ሁለቴ እየመቱ። ዋናው እሱ ነው፣ ሌላው ለኔ ቁርስ ነው (ይሄን ለህንዱ እንዳትነግሪው፣ ቲ20 ወዳጅ ከሆነ ይጣላሻል)።

ጓደኛሽ የሚያወራው የህንድ ቡድን በፈረንጆቹ 2020/21 አውስትራሊያ ያደረገውን ጉዞ ነው፣ የኮሮና ጊዜ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ህዳር ላይ በዋን ዴይ ጀመሩ፣ ሲድኒ ላይ ሁለቱንም ተሸነፉ፣ ስቲቭ ስሚዝ የሚባለው አውስትራሊያዊ በሁለቱም ቀን በ62 ኳስ መቶ ረን (ነጥብ በሉት) ሞልቶባቸዋል። ካንቤራ ላይ ሶስተኛውን አሸንፈው 2 ለ 1 ተጠናቀቀ። ቲ20ውን ደሞ ህንድ 2 ለ 1 ወሰደች። እዛ ላይ የገረመኝ የህንዱ ጃዴጃ ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ በሱ ቦታ ተቀይሮ የገባው ቻሃል ሶስት ሰው አስወጥቶ (ወርዋሪ መቺውን ከሜዳ ሲያሰናብት አስወጣ ይባላል) የጨዋታው ኮከብ መባሉ ነው፣ ሳይታሰብ ገብቶ!

ከዛ ቴስቱ መጣ፣ 4 ጨዋታ። የመጀመሪያው አዴሌድ ላይ ማታ በመብራት በሮዝ ኳስ ነበር። ህንዶቹ እኮ ከመጀመሪያው ዙር በ53 ይመሩ ነበር። ሶስተኛው ቀን ላይ ሊመቱ ገቡ፣ የአውስትራሊያ ወርዋሪዎች ሄዝልውድ 8 ረን ብቻ ሰጥቶ 5 ሰው፣ ከሚንስ ደሞ 4 ሰው አስወጡባቸውና ቡድኑ በሙሉ 36 ረን ላይ ቀረ። አንድም ሰው አስር አልሞላም። በህንድ የቴስት ታሪክ ከዛ በፊት ትንሹ 42 ነበር፣ በ1974 ሎርድስ ላይ። እሱን ነው እንግዲህ ወደቅን የሚለው። ካፒቴኑ ኮህሊ ደሞ የመጀመሪያ ልጁ ሊወለድ ስለሆነ ከዛው ወደ ቤቱ ሄደ፣ ወርዋሪው ሻሚ እጁን ተሰበረ፣ ሁሉም ሰው 4 ለ 0 ያልቃል ብሎ ደመደመ። ራሃኔ ካፒቴንነቱን ተረክቦ፣ ሜልበርን ላይ ራሱ 112 መትቶ፣ አዴሌድ ካለቀ በአስረኛው ቀን 1 ለ 1 አደረገው።

ጥያቄ፦ ሜልበርን ታክሲ እነዳለሁ። በፈረንጆቹ ገና ማግስት ሰው ወደ ኤምሲጂ ስታዲየም ሲጎርፍ መንገዱ ይዘጋብኛል። አንድ ቀን የጫንኩት ሰውዬ "ሲድኒ ላይ አቻ የወጡት ከሁሉም ይበልጣል" አለኝ። አምስት ቀን ተቀምጦ አቻ ከወጣ ብሩን አይመልሱለትም እንዴ?

መልስ፦ ሃሃ ወንድሜ፣ አይመልሱም፣ እንደውም ያቺን ቀን ያየ ሰው ቢጨምር ነው የሚሻለው። መጀመሪያ ግን በእንግሊዝኛ "draw" የሚሉት የኳሱ አቻ አይደለም። ነጥብ እኩል መሆን በቴስት ታሪክ ሁለቴ ብቻ ነው የተፈጠረው፣ በ1960 ብሪዝቤንና በ1986 ማድራስ ላይ። ይሄኛው ግን ሰዓቱ አልቆ ማንም ማንንም ሳይጨርስ ሲቀር ነው፣ ተከላካዩ ዝናቡ እስኪያባራ ጣራ ስር ተጠልሎ እንደቆመ ሰው በለው።

የሲድኒው ቴስት የተጀመረው በኛ ገና ቀን ነው፣ ታኅሣሥ 29። ህንድ ለማሸነፍ 407 ያስፈልጋት ነበር፣ እሱ ደሞ ተራራ ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ፓንት የሚባል ሃይለኛ ልጅ 97 እስኪደርስ ድረስ ሲቀጠቅጥ ያሸንፋሉ እንዴ ተባለ፣ ወጣ፣ ፑጃራም 77 ላይ ወጣ። የቀሩት ቪሃሪና አሽዊን ናቸው፣ ከነሱ በኋላ ያለው ጃዴጃ አውራ ጣቱ ተሰብሯል። ቪሃሪ ሲሮጥ የጭኑ ጅማት ተበጠሰበት፣ አሽዊን ደሞ ጠዋት ጀርባው ይዞት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ያቃተው ሰው ነው። አንዱ መሮጥ አይችልም ሌላው መጎንበስ አይችልም፣ እነዚህ ሁለቱ ከ250 በላይ ኳስ ቆመው መከቱ፣ አንዳንዱን በዱላ አንዳንዱን በደረት በጎድን። ቪሃሪ 161 ኳስ ገጥሞ 23 ረን ብቻ ነው ያገኘው። በቲ20 ቢሆን ይሰደብ ነበር፣ እዛ ግን ጀግና ተባለ። ሰውዬህ ልክ ነው።

ከዛ ወደ ብሪዝቤን፣ ጋባ ወደሚባለው ሜዳ። አውስትራሊያ እዛ ከ1988 ጀምሮ ተሸንፋ አታውቅም ነበር፣ ህንድ ደሞ በዛን ጊዜ የሚወረውርላት አጥታ ነበር። ቡምራ የለ፣ አሽዊን የለ፣ ጃዴጃ የለ። ናታራጃን የሚባለው ልጅ ወደ አውስትራሊያ የሄደው በልምምድ ላይ ኳስ እንዲወረውርላቸው ብቻ ነበር፣ በዛው ጉዞ ዋን ዴይም ቲ20ም ቴስትም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ሰዉ ሲያልቅ እንደዚህ ነው። 328 ተፈልጎ ጊል 91፣ ፓንት 89 ሳይወጣ፣ ጥቂት ኦቨር ሲቀር ጨረሱት፣ ቴስቱንም 2 ለ 1 ወሰዱ። ቀኑ ጥር 11 ነበር፣ አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ላይ ጥምቀት እየተከበረ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሶስቱ የጨዋታ አይነት ተደምሮ አጠቃላይ አሸናፊ የለም ማለት ነው? እና ደሞ ይሄ ነገር ከኛ ገና ጨዋታ ጋር ዘመድ ነው የሚሉት እውነት ነው? ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ በወንዶቹ አይደመርም፣ ሶስት የተለያየ ዋንጫ ነው፣ ለዛ ነው የሻርጃዎቹ ክርክር የማያልቀው። በሴቶች ግን አውስትራሊያና እንግሊዝ አሸስ የሚሉትን ከ2013 ጀምሮ ሶስቱንም በነጥብ እየደመሩ ነው የሚጫወቱት፣ ለኔ ወንዶቹም ቢኮርጁት አሪፍ ነበር። ገናው ግን ዘመዱ ሆኪ ነው፣ ክሪኬት አይደለም። ዱላና ኳስ ስላለ ብቻ ዘመድ አናድርገው።

ጥያቄ፦ ኩዌት ነኝ። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር እንባውን የሚጠርግ የህንድ ተጫዋች ቪዲዮ አይቼ ሆዴ ተላወሰ። አባቱ ሞቶ ነው አሉኝ። እኔም እናቴ ስታርፍ መሄድ አልቻልኩም ነበር። ለምን ነው ያልሄደው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ የቆየ ቢሆንም። ልጁ መሐመድ ሲራጅ ይባላል። አባቱ ሃይደራባድ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ ነው ያሳደገው። ቡድኑ ገና አውስትራሊያ ገብቶ 14 ቀን ኳራንቲን ተዘግቶ እያለ ነው ሞቱ የተነገረው። ልሂድ ካልክ ሂድ ብለውታል፣ ግን በቴስት ለአገሩ ሲሰለፍ ማየት የአባቱ ምኞት ስለነበር ቀረ፣ እናቱም አበረታችው። ሆቴል ክፍል ውስጥ ለብቻ ለቅሶ መቀመጥ ምን እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሜልበርን ላይ የመጀመሪያውን ቴስት ተጫወተ። አንቺ ያየሽው ሲድኒ ላይ ነው፣ በዛው ጨዋታ ደሞ ከተመልካች መሃል ዘረኛ ስድብ ሰደቡት፣ ለዳኛ ተናግሮ ጨዋታው ቆመ፣ ስድስት ሰው ከስታዲየም ተባረረ፣ እሱ መወርወሩን ቀጠለ። ብሪዝቤን ላይ በሁለተኛው ዙር 5 ሰው አስወጣ፣ በአራቱ ቴስት ከህንድ ብዙ ሰው ያስወጣውም እሱ ነው፣ 13።

ሃይደራባድ ሲያርፍ ከኤርፖርት ቀጥታ ቤቱ አልሄደም። መቃብሩ ጋ ነው የሄደው።