«የረቂቅ ተሕዋስያን ዳሳሽ» ማንን ይዳስሳል?

ጥያቄ፦ ስለ ባሕር ውኃ ብክለት የተጻፈ የሳይንስ ጽሑፍ እየተረጎምሁ ነው። ርእሱን «በባሕር ውኃ ያለን ተፈጥሯዊ ቁስ በረቂቅ ተሕዋስያኖች ዳሳሽ መቆጣጠር» ብየዋለሁ። አንዲት ባልደረባዬ ግን መሣሪያው ተሕዋስያንን የሚፈልግ መስሏት ነበር። ስሕተቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ አልተሳሳቱም፤ አማርኛው የሚለው እርሳቸው የተረዱትን ነው። «የጭስ ዳሳሽ» ስንል ጭስ ተፈላጊ ነው፤ «የእንጨት ጠራቢ» ስንል ተጠራቢው እንጨቱ ነው። «የሸክላ ስኒ» ከሸክላ የተሠራ፣ «የቡና ስኒ» ደግሞ ቡና የሚቀዳበት ነው፤ «የ» ብዙ ዝምድና ትሸከማለች። ከኋላዋ እንደ «ዳሳሽ» ያለ የአድራጊ ስም ሲመጣ ግን አንባቢ ፊተኛውን ቃል ድርጊቱ የሚያርፍበት አድርጎ ይወስደዋል።

የመሣሪያው አሠራር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኦክስጅን በሚለካ ኤሌክትሮድ ላይ ሕያዋን ተሕዋስያን በስስ ሽፋን ተይዘው ይቀመጣሉ። ውኃው ሲደርሳቸው በውስጡ የሟሟውን ምግብ ይበላሉ፤ ሲበሉም ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ኤሌክትሮዱም የኦክስጅኑን መቀነስ ይለካል። በተለመደው የውኃ ብክለት ምርመራ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 ቀን ይቆያል፤ ይህኛው በደቂቃዎች ይመልሳል። እንግዲህ ተሕዋስያኑ ፈላጊዎች እንጂ ተፈላጊዎች አይደሉም። «በረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠራ ዳሳሽ» ቢሉ ይረዝማል፤ ነገር ግን እውነቱን ይናገራል። «ዳሳሽ» የሚለውን ቃል እኔም እወደዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ በእጅ የመፈለግን ስሜት ይዟል።

«ተሕዋስያኖች» ግን ይቅር። «ያን» የግእዝ ብዙ ቁጥር ነውና «ኦች» አያስፈልገውም።

«መቆጣጠር»ም አይሆንም። ዳሳሹ ባሕሩን አይገዛም፣ ብክለቱንም አያቆምም፤ ያለውን ይነግረናል። «መከታተል» ይበሉት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ኦርጋኒክ»ን «ተፈጥሯዊ» ማለትዎ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ጨውም ተፈጥሯዊ ነው፤ ኦርጋኒክ ግን አይደለም። እንዲያውም ይህ ጨው ብዙ ተሕዋስያንን ስለሚጎዳ ለባሕር የሚመረጡት ጨው የሚችሉት ናቸው። ስለዚህ «ኦርጋኒክ ቁስ» ይበሉ። ሆኖም ገበያው «ኦርጋኒክ ቡና»ን ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ የበቀለ ብሎ አስለምዶናልና፣ አንባቢ መልካም ነገር እንዳይመስለው መጀመሪያ ላይ «እንደ ፍሳሽና የዕፅዋት ብስባሽ ያለ ካርቦን አዘል ቁስ» ብለው ይፍቱለት።

ርእሱ «በባሕር ውኃ ያለን ኦርጋኒክ ቁስ በረቂቅ ተሕዋስያን በሚሠራ ዳሳሽ መከታተል» ይሆናል።

ጽሑፉ አርክሱላ አዴኒኒቮራንስ የተባለውን ረቂቅ ተሕዋሲ ከጠቀሰ ደግሞ፣ ጨው የሚችል ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተሞከረ ነው፣ በደፈናው «እርሾ» አይበሉት። በቤታችን እርሾ የሚባለው ከቡኾው የሚተርፈው ነው፤ በውስጡም ባክቴሪያ ጭምር አለ። «የእርሾ ፈንገስ» ቢሉ ከቤቱ እርሾ ለይተው ይጠሩታል።