የጉድጓዱን ውሃ አፍልቼ ለልጄ ብሰጠውስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። ከቤታችን ከፍ ብሎ ድሮ የከተማው ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ቦታ አለ፤ አሁን አፈር ለብሶ ሣር በቅሎበታል። ቧንቧ ሲጠፋ የግቢያችንን ጉድጓድ እንጠቀማለን። ከክረምት በኋላ ውሃው የዝገት ቀለም ያመጣል፣ ይሸታልም። ለ4 ወር ልጄ የዱቄት ወተት የምበጠብጠው በዚሁ ውሃ ነው፣ በደንብ አፍልቼ። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ አለው እህቴ። ከዛሬ ጀምሮ ለልጁ በዚያ ውሃ ወተት አይበጥብጡለት።

ማፍላት ጀርም ይገድላል። ከአሮጌ ቆሻሻ የሚመጣው ግን ጀርም ብቻ አይደለም። ዝናቡ በተቀበረው ቆሻሻ ውስጥ ሰርጎ ሲወርድ ከመኪና ባትሪው እርሳስ (ሊድ የሚባለውን ብረት ማለቴ ነው)፣ ከበሰበሰው ደግሞ ኋላ ናይትሬት የሚባል ጨው የሚሆነውን ነገር ይዞ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ ላዩ ሣር ቢለብስም ይሄ ለብዙ ዓመታት ይቀጥላል። ውሃው ሲፈላ እንፋሎቱ ይሄዳል፣ እነዚህ ግን ድስቱ ውስጥ ይቀራሉ፤ እንዲያውም ውሃው ስለሚቀንስ በቀረው ውስጥ ክምችታቸው ይጨምራል። ክሎሪንም አያወጣቸውም።

ናይትሬት የበዛበት ውሃ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አደገኛ ነው። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። የልጁ ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ ከከበደው፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት። ጡትዎን የሚያጠቡት ከሆነ አያቋርጡ።

የዝገቱ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከአይረን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው፤ እርሳስ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ እና የልጅን አእምሮ ቀስ እያለ ይጎዳል። ስለዚህ ውሃው ጠራ ብለው እንዳይመለሱበት።

ቧንቧ በመጣ ቀን ክዳን ባለው ጀሪካን ለመጠጥና ለምግብ ያጠራቅሙ፤ የልጁን ይህንኑ አፍልተው ይጠቀሙ። የጉድጓዱ ለልብስና ለቤት ማጠቢያ ይሁን። ቧንቧ በሚጠፋበት ሳምንት ይሄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ካልበቃ ግን መጀመሪያ የሕፃኑ ይቀመጥ።

የከተማውን ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የጉድጓዱን ውሃ የት ማስመርመር እንደሚችሉ ይጠይቁ። የጀርም ምርመራ ብቻ ተሠርቶ «ንጹሕ ነው» እንዳይባሉ ናይትሬት፣ እርሳስ፣ ማንጋኒዝ (ይህም ብረት ነው) ብለው ስም ጠርተው ያሠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ ለናይትሬት በሊትር 50 ሚሊግራም፣ ለእርሳስ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ናሙናውም ይብሳል ባሉት ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ ይወሰድ። ጎረቤቶችዎም ከዚያው ተዳፋት የሚቀዱ ከሆነ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበትን ቤት ዛሬውኑ ይንገሯቸው።